ክዳኑን ስከፍት የጠፋው መወድስ

ላፕቶፔ መተኛት እንጂ መነሳት አያውቅበትም ነበር። ክዳኑን ስዘጋው እሺ ብሎ ይተኛል፤ ስከፍተው መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ድርቅ! ማውሱን ባንቀሳቅሰው፣ ቁልፎቹን ብደበድባቸው፣ ወይ ፍንክች! ያለው አማራጭ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ሴቭ ያላደረግሁት ጽሑፍ ታዲያ አብሮ ይሄዳል።

እኔ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አስተማሪ ነኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ሲቀኙ ኖረው አንዱንም በወረቀት አላሰፈሩም። ዓይናቸው ሲደክም፣ ባለፈው ክረምት እሳቸው ሊሉ እኔ ልጽፍ ተስማማን። በቅኔ ቤት ደንብ ግን አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም። "አንዴ እላለሁ፤ ከያዝሽ ያዝሽ" አሉኝ።

አንድ ቀን ለእናቴ አርባ የተቀኙትን መወድስ፣ ባለ ስምንት ቤቱን ቅኔ፣ አሉልኝ። ስምንቱንም ቤት ጻፍኩ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ እኔም ማልቀሴን እንዳያዩብኝ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ወጣሁ። ሴቭ አላደረግሁም፤ ጥፋቱ የኔው ነው። ስመለስ ላፕቶፑን በባናቸው ጠቅልለውታል። "በርዶት ነው የሚደርቀው" አሉኝ፤ ለእሳቸው መንዝ ውስጥ ከብርድ ያልመጣ በሽታ የለም። ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ገልጬ ከፈትኩት። ድርቅ ብሏል።

"አባባ፣ ይድገሙልኝ።"

"አይደገምም።"

"የእናቴ እኮ ነው!"

"የእናትሽ ስለሆነማ ነው" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ጠላኋቸው።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ በቅጡ ሳያየው "ፎርማት ላድርገው" አለኝ፤ ያለውን ሁሉ ጠራርጌ ላጥፋው ማለቱ ነው። እስከዚያ የሰበሰብኳቸው ቅኔዎችስ? "ቲቸር፣ ይሄ አርጅቷል፣ ይጣሉት" አለ። "ያረጀ ሁሉ የሚጣል ከሆነ ያንተም ተራ ይደርሳል!" ብዬ ላፕቶፔን መንጭቄ ወጣሁ።

እልህ ያዘኝ። አሮጌ የፈተና ወረቀት ገልብጬ፣ በጀርባው እየመዘገብኩ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። ቻርጀሩን ነቅዬ አስተኛሁት፤ ደረቀ። ማውሱን ነቀልኩ፤ ደረቀ። ክዳኑን ሳልዘጋ አስተኛሁት፤ ደረቀ። አጥፍቼ ሳበራው ግን ደህና ነው። እንግዲያው የሚታመመው ሲነቃ ብቻ ነው ማለት ነው። ስፈትሽ ስክሪኑን የሚያዘው ሶፍትዌር፣ ድራይቨር የሚሉት፣ ከተገዛ ጀምሮ ታድሶ አያውቅም። አዲሱን በስልኬ ሳወርድ መብራት ሦስቴ ሄደ፤ በሄደ ቁጥር ኔትወርኩን ይዞት ይሄዳል። ሦስቴም እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ ጫንኩት፣ ክዳኑን ዘጋሁ፣ በስመ አብ ብዬ ከፈትኩት። ወለል! አምስቴ አስተኛሁት፣ አምስቴም ተነሳ። ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ።

መወድሱ ግን የለም። ደንብ ነው ተባለና እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ጆሮዬ የያዘውን ጽፌ አባቴ ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። እሳቸው ደግሞ ተማሪ ሲሳሳት ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

"ኧረ ምን ነካሽ! ቤት የት መታሽ?" ብለው አረሙኝ። አራተኛውንም አበላሸሁት። በመቋሚያቸው መሬቱን መትተው አረሙኝ። አምስተኛው ላይ እኔ ጋ የቀረ ነገር አልነበረም፤ እሳቸው ግን በንዴት እስከ ስምንተኛው ወረዱት። እኔም እግር በእግር እየተከተልኩ ጻፍኩ።

"አንቺ ተንኮለኛ" አሉኝ ሲነቁብኝ።

"ደገሙት እኮ፣ አባባ።"

"ማን ደገመ? አረምኩሽ እንጂ!"

ሴቭ አደረግሁ። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ስምንቱም ቤት አለ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩላቸው፤ የእናቴ ክርስትና ስም ያለበት ቤት ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"እስቲ ያቺን ድገሚያት" አሉኝ።