ሦስት ዙር ተኩል

ሽማግሌው ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። ክሪክ ላይ ከቆመችው አሮጌ መኪናቸው ጎን ተንበርክከው፣ መካኒኩ የኋላ ጎማዎቹን አንድ ዙር ሲያዞር ከሥር ያለው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራሉ። አራት ተኩል ሆነ።

«አውራ ጎዳና ላይ ሞተሩን የሚያስጮኸው ይኸው ነው» አለ መካኒኩ። «ዘንጉ ሦስት ተኩል ብቻ የሚዞርበት ሌላ ዲፈረንሻል አለኝ፤ በዚያው ፍጥነት ሞተሩ ተረጋግቶ ይሄዳል። ግን ጋሼ፣ ዳገት ላይ እንደ ሰነፍ በሬ ይለግምብዎታል። ኋላ እንዳይረግሙኝ።»

«ስሄድ ቁልቁለት ነው።»

ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ትራስ በገመድ ታስሯል። በዚያ በኩል ያለው የበሩ መክፈቻ ከውስጥ ተነቅሏል። መካኒኩ ዓይኑን እዚያ ሲጥል አዩት።

«ባለቤቴ ሰው መለየት ከተወች ቆየች» አሉ፣ ስለ ጎማ ንፋስ እንደሚያወሩ ሁሉ። «ሞተሩ ሲጮህ ደንግጣ ልትወርድ ትታገላለች። ልጃችን ዘንድ እስካደርሳት ጸጥ ይበልልኝ። ከእንግዲህ የምትይዛት እሷ ናት።»

«ሲመለሱስ? ዳገቱ?»

ሽማግሌው የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉ።

«ስመለስ ብቻዬን ነኝ፤ ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ። ቤት የሚጠብቀኝ የለ።»