ኢዘዲን የሞላው መጠለያ

ሽመል፣ ያ የቆላ ቀርከሃ፣ መድረቁን ኢዘዲን በጥፍሩ መታ መታ አድርጎ ያውቃል። የሆሞሻ ሰው ነው፤ አሶሳ ውስጥ አንዲት የሽመል ወንበር ፋብሪካ ከተቀጠረ አሥራ አራት ዓመቱ። ሥራው ማድረቂያው መጠለያ ውስጥ የተከመረውን ሽመል እያገላበጡ መጠበቅ ነው፤ አርባ ቀን። እርጥቡ ከተሠራ ወንበሩ በሁለት ወሩ ይሰነጠቃል።

እኔ ኮሌጅ አስተምራለሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በትርፍ ጊዜዬ በካይዘን መመዘኛ ፋብሪካዎች ብክነት ምን ያህል እንደቀነሱ እየለካሁ ነጥብ እሰጣለሁ። በቅጹ መሠረት ሳይሠራበት የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ ብክነት ነው። ስለ መድረቅ የሚጠይቅ መስመር የለውም። ቅጹን ላወጡት አዲስ አበባ ደውዬ ብነግራቸው "መለኪያው ለሁሉም አንድ ነው" ብለው ዘጉብኝ። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ዳምጠው ደግሞ ቀድሞ ቆርጧል፤ ከግማሽ በታች ያመጣ ክፍል ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይሰናበታል።

ይህን ለኢዘዲን ማንም አልነገረውም። የሰማው "ፋብሪካውን የሚለካ እንግዳ ይመጣል" የሚለውን ብቻ ነው። ታዲያ ጎተራውን ባዶ አድርጎ እንግዳ የሚቀበል ምን ዓይነት ሰው ነው? ዘመዶቹን አስተባብሮ ሦስት ቀን ሙሉ ሽመል እያስጫነ መጠለያው ውስጥ ሲከምር ሰነበተ።

ስደርስ መጠለያው እስከ ጣሪያው ጢም ብሏል። ኢዘዲን በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

"ኡስታዝ፣ ቁጠር! ወላሂ፣ አንድ እንዳይቀር!" አለኝ።

"ጋሽ ኢዘዲን፣ ይህን ሁሉ ለምን አስመጡ?"

"ጎበዝ ፋብሪካ ነው እንድትል ነዋ።"

ምን ላድርግ? ቆጠርኩ። አይቼ እንዳላየሁ ልለፍ ስል "ይኼ ቀረ፣ ከጀርባ ደግሞ ሌላ አለ" እያለ ይመልሰኛል። ዳምጠውም ከጎኔ አልተለየ። ክምሩ እንደ አምናው ቢሆን ኖሮ ክፍሉ በጥቂት ነጥብ ያልፍ ነበር። አሁን ግን በየእስሩ ነጥቡ ይወርዳል፣ የኢዘዲን ፊት ይበራል። ተናደድኩ፤ በቅጹም፣ በራሴም፣ እውነቱን ልናገርና በኢዘዲንም።

ልወጣ ስል ኢዘዲን እጅጌዬን ያዘ።

"ማን እንደሞላው ጻፍክ? ስሜን?"

ቅጹ መጨረሻ ላይ "ለብክነቱ ተጠያቂ" የሚል ባዶ ቦታ አለ። ዳምጠው ቆሞ አስሞልቶኛል።

"ጽፌዋለሁ፣ ጋሽ ኢዘዲን።"

"አላህ ያክብርህ" አለና እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።