የአባባ ፈር

እኔ መጠበቅ አልችልም። ሚኒባስ እስኪሞላ እንኳ ሦስቴ ወርጄ እገባለሁ። አባባ ደግሞ ከገጠር ወደ ሱሉልታ እኔ ዘንድ ከመጡ ጀምሮ ሥራ አጥተው፣ በር ላይ ተቀምጠው አላፊ መኪና ያያሉ። አንድ ቀን «የማርሰው ካገኘሁ እቀመጣለሁ፤ አለዚያ ወደ አገሬ ሸኘኝ» አሉኝ። ደነገጥኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚያ የሚጠብቃቸው ባዶ ቤት ነው።

ከቤቴ ጀርባ ያለውን መሬት ድንች ልንተክልበት ተስማማን። በሬ የለን፤ ያገለገለ የእጅ ትራክተር ገዛሁ፤ ከኋላው ሆነው የሚገፉት፣ በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚቆፍር። መሬቱ ግን ኮትቻ ነው፤ ጥቁር አፈር፣ ሲደርቅ ድንጋይ። ማሽኑ ላዩን ጫር ጫር አድርጎ እንደ ፍየል እየዘለለ አጥሩ ድረስ ጎተተኝ። ተሳደብኩ። አባባ ሳቁ፤ ከመጡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቡራዩ አንድ በያጅ ዘንድ ወሰድነው። እኔ ቢላ ይጨመርበት ስል አባባ ግማሹ ይውጣ አሉ።

«ኤ አባባ፣ ጥርሱ ሲበዛ አይደል እንዴ የሚቆፍረው?» አለ በያጁ።

«የበሬ ማረሻ ስንት ጥርስ አለው? አንድ! ጠበብ ሲል ነው የሚገባው። ደግሞ እርፉን ካልተጫኑት ማረሻ አይሰምጥም፤ ለዚህም ክብደት ስጠው።»

«ዱጋ! እውነታቸውን ነው» አለ በያጁ ወደ እኔ ዞሮ። የዳር የዳሩን ቢላዎች ፈታ፤ በቀሩት ላይ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ሹል ብረት በየደ፤ ከላያቸው ከባድ ብረት አሰረ።

ስንመለስ አባባ ብረቱን እየዳሰሱ፣ «ነገ በዓል ነው፣ አይታረስም። ከነገ ወዲያ ፈሩን እኔ እቀድዳለሁ» አሉ። በእኛ አገር በአዲስ መሬት ላይ የመጀመሪያውን መስመር የሚያወጣው የቤቱ አባት ነው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ማሽኑን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። ለሙከራ ብቻ ብዬ አስነሳሁት። ቢላው ሰመጠ! ጥቁሩ አፈር እየተገለበጠ ወጣ። አሁን አቆማለሁ፣ አሁን አቆማለሁ ስል አጥሩ ጋ ደረስኩ፤ አዙሬ ተመለስኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ መሬቱም አልቆ ነበር።

አባባ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ዳሩ ላይ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ፈረፈሩት። ቢቆጡኝ በተሻለኝ።

«ጥሩ ገብቷል» አሉ። እጃቸውን አራግፈው፣ «ለእኔ የቱን አስቀረህልኝ?»

ማሽኑ መዞር ያቃተውን የአጥር ጥግ አሳየኋቸው። ከአልጋ አይሰፋም።

«እሱማ የዶማ ነው» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

በሳምንቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ቶሎ አልሞላም። እኔም አልተቁነጠነጥኩም፤ ጭራሽ እንዳይሞላ ነበር የምለምነው።