አድራሻው የጠፋው ድምፅ

ዛሬ ጧት መብራት ሄዶ መጣ። በደብረ ማርቆስ መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ አፍ «መጣ!» ይላሉ፤ ለእኔ ግን ደስታው ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ጥቁር ሳጥን አያለሁ። ትንሿ አረንጓዴ መብራቷ ብልጭ እስክትል፣ ከዚያም ስልኬ ላይ ገጿ እስኪከፈት ድረስ ከፊቷ አልነቃነቅም። ባለቤቴ እናኑ «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ትፈራለህ?» ትለኛለች። እፈራለሁ። ያችን ቅዳሜ ያየ ሰው እንዴት አይፈራም?

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ታላቅ ወንድሜ አያ ጥበቡ መሪጌታ ነው። በቁይ በኩል ባለ ደብር ዕድሜውን ሙሉ ድጓ አስተምሯል። እኔም በጉብዝናዬ ከእሱ ጋር ዜማ ቤት ገብቼ ነበር፤ ግን አልቆየሁም። አንድ ቀን የኔታችን «በል አንተ ቁም፣ የትናንቱን አሰማ» ብለው ተማሪው ሁሉ ፊት አቆሙኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ዜማው የለም። ዓይኔ አለንጋው ላይ ተተከለ። የኔታ አለንጋቸውን ሲያነሡ አያ ጥበቡ ከኋላዬ ተጠግቶ ጀርባዬን በጡጫው ቀስ አድርጎ መታ፣ ደግሞ መታ። የዜማውን ምት ነበር የሚመታልኝ። ዜማውም ምቱን ተከትሎ መጣልኝ። ያን ቀን ዳንሁ። ክረምቱ ሲገባ ግን ትምህርቱን ጥዬ ማርቆስ መጣሁና ጋሪ እየነዳሁ ልጆች አሳደግሁ። ከትምህርት የቀረልኝ ማንበብና ያ ፍርሃት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አያ ጥበቡን ስትሮክ መታው። ለሕክምና ወደዚህ አመጣነው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ቀኝ እጁና አንደበቱ ግን አልተመለሱም። ከግቢያችን ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጠነው። ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ወፍ ስታልፍ ይሰማል።

እግዜር ይስጣትና፣ ልጄ ምንታምር ከመታመሙ በፊት በነበረው ክረምት ከጎኑ ተቀምጣ ጾመ ድጓውን ሲዘልቅ ድምፁን ቀድታው ነበር። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ ነው የምትሠራው። አንድ ቀን ይህችን ሳጥን ይዛ መጣችና ከራውተሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። «ሰርቨር ነው አባዬ። የአያ ጥበቡ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው። በቤታችን ዋይፋይ የገባ ስልክ ሁሉ ይህን ገጽ ከፍቶ ይሰማዋል» አለችኝ። ገጹንም ስልኬ ላይ እንዲቀመጥ አድርጋ፣ «አንተ ይችን ብቻ ንካት» አለች።

እኔም እነካታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ከቁይ፣ ከሉማሜ ይመጣሉ። እኔ እከፍታለሁ፣ ድምፁ ያዜማል፣ እነሱ ይቀበላሉ። አያ ጥበቡ መቋሚያውን በግራ እጁ ይዞ ይቀመጣል። አንዱ ከሳተ ወለሉን አንድ ጊዜ ይመታል፤ ያ ልጅ ከመጀመሪያው ይደግማል። ከተማሪዎቹ ትልቁ ይትባረክ፣ «የዜማው ምልክትማ በመጽሐፍ አለ፤ የየኔታ ጥበቡ አወራረድ ግን ከዚህች ሳጥን በቀር የትም የለም» ይለኝ ነበር። ይህን ሲል ያመሰገነኝ ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን ጭነት ነው።

ያች ቅዳሜ የቅበላ ነበረች። የየካቲት ነፋስ አቧራውን ከመንገድ እያነሣ ቤት ያስገባል፤ ከየጎረቤቱ የጥብስ ሽታ ይመጣል። የነፍስ አባታችን ጾሙ ሳይገባ ቤታችንን ጸበል ሊረጩ ቀጠሮ ነበራቸው። ሳጥኗ ያለችበት መደርደሪያ ደግሞ ከሥዕለ ማርያም ሥር ነው። እናኑ ደነገጠች።

«አባ መጥተው ይህን ብልጭልጭ ከእመቤቴ እግር ሥር ሊያዩት ነው? አንሣልኝ!»

ነቀልሁና ራውተሩንም ሳጥኗንም ወስጄ አልጋ ሥር ደበቅሁ። አባ መጡ። እሳቸው ደግሞ ሲረጩ አይሰስቱም። ሳሎኑን ረጩ፣ ጓዳውን ረጩ፣ መኝታ ቤት ገቡና ጎንበስ ብለው «ክፉ ነገር የሚወደው እንዲህ ያለውን ጨለማ ነው» እያሉ አልጋ ሥር በእፍኛቸው ደጋግመው ረጩበት። እኔ በር ላይ ቆሜ «አሜን» አልሁ። ምን እላለሁ?

አባ ሳሎን ተመልሰው ጠበል ጸዲቅ ሲቀምሱ ሳጥኗን አወጣኋት። ከላይዋ ውሃው ችፍ ብሏል። በጋቢዬ ጫፍ ጠራረግሁና ትድረቅ ብዬ ከመስኮቱ ዳር ፀሐይ ላይ አኖርኋት። እናኑ «የልጅ ልጃችንን ፎቶ ላሳያቸው፣ ኢንተርኔቱን ክፈትልኝ» ስትል ራውተሩን ብቻ ሰካሁላት። አባ ከሄዱ በኋላ ሳጥኗንም ሰካሁ። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ተመስገን ብዬ ስልኬን ነካሁ።

ነጭ ገጽ መጣ። «ገጹን ማግኘት አልተቻለም» ይላል። ደገምሁ። ያው ነው።

ዜማ ቤት የቆምሁባት ቀን እንዳለች ተመለሰችብኝ። በመስኮት ሳይ አያ ጥበቡ ነጭ ኩታውን ለብሶ፣ መቋሚያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ተማሪዎቹ ከቀትር በኋላ ይደርሳሉ። ወንድሜን ሄጄ ምን እለዋለሁ? ድምፅህን ሁለተኛ ቀበርሁት ልበለው?

እናኑ ከኋላዬ መጣች። «ጸበል የገደለው ነገር ከመጀመሪያውም ጥሩ ነገር አልነበረማ!» አለች። ወዲያው ግን አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ! የመሪጌታ ድምፅ ነው ለካ ያለው… ማርያም ይቅር በይኝ።» ከዚያ በኋላ እሷም ፈራች። የሁለት ሰው ፍርሃት ለአንድ ሳሎን ብዙ ነው።

ምንታምር ዘንድ ደወልሁ።

«አባዬ፣ የሳጥኗ መብራት በርቷል?»

«በርቷል። ግን ጸበል ነክቷታል።»

ከወዲያ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

«ብዙ ነው?»

«አባን ታውቂያቸው የለ?»

«አዬ አባዬ!» ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም እኮ። ለፋሲካ ስመጣ ላደርገው ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። እሷ ግን ድምፅዋን ሰብሰብ አድርጋ አንድ በአንድ ትጠይቀኝ ጀመር። ስልክህ በካርዱ ዳታ ነው ያለው ወይስ በቤቱ ዋይፋይ? ዳታውን አጠፋሁ። ያው ነው። ከሳጥኗ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ገመድ ጠቅ ብሎ ገብቷል? ገፋ አደረግሁት፤ ገብቷል። ሥሩ ላይ ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል? ይላል።

«እንግዲያው ገና አልሞተችም። አሁን የራውተሩን ገጽ እንከፍታለን። ከሆዱ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።»

ላክሁላት። የይለፍ ቃሉን በየፊደሉ እየነገረችኝ፣ እኔ በጣቴ እየለቀምሁ ገባሁ። በዋይፋያችን ያሉት ዕቃዎች ሁሉ ተሰልፈው ታዩኝ።

«መስቀል በሚመስል ፊደል የሚጀምር ስም ፈልግ። በእንግሊዝኛ ፊደል ‹ጥበቡ› ብዬ ነው የሰየምኋት።»

መነጽሬን በጋቢዬ ጠርጌ ፈለግሁ። ከታች፣ ከመጨረሻው፣ መስቀሉን አየሁት። «አለች!» ብዬ ጮህሁ። እናኑ አማተበች።

«ከፊቷ ያለው ቁጥር መጨረሻው ስንት ነው?»

«ሰባት።»

«ሁለት አይደለም?»

«ሁለትስ ሌላ ነው የያዘው። የእናትሽ ስልክ።»

ምንታምር አሁን በደንብ ሳቀች። ራውተር ጠፍቶ ሲነሣ ቁጥሩን፣ ማለት የየዕቃውን አድራሻ፣ እንደገና ያድላል፣ አጥብቆ ካልተያዘ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል አለችኝ። ገባኝ። ገበያ ላይ ሸክላ የምትሸጥ ሴት አርፍዳ ብትመጣ ቦታዋን ሌላ ይዞት ታገኛለች፤ እሷም ፈንጠር ብላ ትዘረጋለች። የለመደ ደንበኛዋ ድሮ ቦታዋ ላይ ቆሞ «ምነው ቀረች?» ይላል። ሳጥኗ ፀሐይ ላይ ስትደርቅ እናኑ ለአባ ፎቶ ስታሳይ ነበራ። እኔም ነጩ ገጽ ላይ ቆሜ የሞተች መስሎኝ ሳለቅስ፣ እሷ አምስት ቤት ርቃ ተቀምጣ ኖሯል።

«ጸበሉ የለበትም በላ!» አለች እናኑ፣ እንደ ተፈረደላት ሰው።

አዲሱን ቁጥር ጻፍሁ። ደጋግሜ ሳትሁት፤ እያጠፋሁ ጻፍሁ። ስጨርስ ገጹ ቶሎ አልመጣም፤ ትንሽ ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል። ከዚያ ተከፈተ። የመጀመሪያዋን ነካሁ፤ የአያ ጥበቡ ድምፅ፣ ያ ሳይታመም የነበረው፣ ከነጉሮሮ ጠረጋው ሳሎኑን ሞላው።

እንባዬን ሳልጠርግ ከኋላዬ የመቋሚያ ኮቴ ሰማሁ። ለካ አያ ጥበቡ ከደጃፉ ሆኖ ጭንቀታችንን ሁሉ ሲሰማ ነበር። ዞር ልል ስል አልፈቀደልኝም። መቋሚያውን ከግድግዳው አስደገፈና በግራ ጡጫው ጀርባዬን ቀስ አድርጎ መታ፣ ደግሞ መታ። ከድምፁ ጋር እኩል። እኔም፣ ያ ዜማ ጥሎ የሸሸ ሰው፣ አፌን ከፍቼ ተቀበልሁ።

ምንታምር ለፋሲካ መጥታ ቁጥሯን ማንም እንዳይወስድባት አድርጋ አሰረችልን። ቅጂውም አሁን አዲስ አበባም አለ፣ ይትባረክ ዘንድም አለ። የሚያስፈራ ነገር አልቀረም ይሉኛል። ምናልባት እውነታቸውን ነው። ግን ድምፁ እንጂ ወንድሜ ቅጂ የለውም፤ እሱም አርጅቷል። መብራት በሄደ ቁጥር የምፈራው ለሳጥኗ ብቻ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ።

ይኸው ዛሬም ቅዳሜ ነው። ገጹ ገና እየዞረ ነው። ከጓሮ መቋሚያው ወለሉን አንድ ጊዜ መታ፤ ዘገየህ ማለቱ ነው። መጣሁ፣ አያ፤ መጣሁ።