ነጻ የታሪክ ቅምሻ

ጡረታ የወጣው ሰዓት ጠጋኝ «በነጻ» የሚል ቃል ከሰማ ከሬሳ ሳጥንም ተነስቶ የሚሄድ ሰው ነው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ «ነጻ የታሪክ ቅምሻ» የሚል ማስታወቂያ ሲያይ፣ «ዛሬ ምሳ እንዳትሠሪ፤ የድሮ ሰው ምግብ ሊያቀምሱን ነው» ብሎ ሚስቱን አስከትሎ ሄደ። ለምሳው ሆድ ቦታ ይኑረው ብሎ ቁርስም አስዘልሏታል።

የቀረበው ግን ስለ ከተማው አሮጌ ድልድይ የሁለት ሰዓት ንግግር ነበር። የሚስቱ ዐይን ከዚያው ድልድይ ላይ ሊወረውረው ምንም አልቀረው። ሰውየው አውቆ የመጣ ለመምሰል እጁን አወጣና፣ «ድልድዩን የሠሩት ሰዎች ምን ይበሉ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

የተናጋሪው ፊት በራ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ ነው» አለና ሌላ ወፍራም ደብተር ከቦርሳው አወጣ።

ሚስቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ብላ እንግዲህ የኔ ጌታ፤ የእኔንም ድርሻ ጨምርበት» አለችው።