ልጃችን አፏን የፈታችበት ትምህርት ቤት

ትልቋ ልጃችን ትንተባተባለች። መገናኛ አካባቢ ትማርበት በነበረው ትልቅ ትምህርት ቤት ልጆች ሲስቁባት ክፍል ውስጥ መናገሩን ጭራሽ ተወችው። እኔና እናቷ ስናወጣ ስናወርድ ከርመን፣ ኮተቤ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለች አንዲት ትንሽ እስላማዊ ትምህርት ቤት አዛወርናት። ግቢዋ ኳስ እንኳ አያጫውትም። ዘመዶቻችን «ከዚያ አውጥታችሁ እዚህ ትከቷታላችሁ?» አሉን፤ እኔም ልቤ አላረፈም ነበር።

አንድ ቀን የቁርአን አስተማሪዋ አስጠራችን። ወቀሳ ጠብቀን ሄድን። ወጣቷ መምህርት ግን ከክፍሉ በር ውጭ አቁማን «ዝም ብላችሁ ስሙ፤ እንዳታያችሁ» አለችን። ልጃችን ጓደኞቿ ፊት ቆማ ከቁርአን አንድ አጭር ሱራ በዜማ ቀራች። አንዴም አፏ አልተያዘም። ባለቤቴ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«በዜማ ስትለው አፏ አይያዝም» አለች መምህርቷ። «ንግግሩንም ቀስ እያልን እያለማመድናት ነው።»

አሁንም ትንተባተባለች፤ ግን ትናገራለች። ባለፈው ሰሞን በታክሲ ስንመለስ «ወራጅ አለ» ማለት ጀምራ ቃሉ አልወጣ አላት። እኔ ልጨርስላት ስል አፌን በእጇ ከደነችው። ራሷ ጨረሰችው። ታክሲው ሰፈራችንን አልፎ ቆመ፤ እየሳቅን በእግራችን ወደ ቤት ሄድን።