የዶለዶመው መርፌ

መርፌው ሸክላው ላይ አርፎ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የሚሰማው ስስ ድምፅ፣ ደረቅ ቅጠል ሲቃጠል እንደሚሰማው ያለ፣ ዛሬም አንዳንዴ ጆሮዬ ላይ ይመጣል፤ አብሮትም አባቴና በአጎቴ በሁሴን ላይ የያዝኩት ቂም ይመጣሉ።

ሐይቅ ከተማ ባለው ቤታችን፣ ክረምት ገብቶ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ አባቴ አሮጌውን የሸክላ ማጫወቻ አውርዶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አምባሰል ያሰማን ነበር። ልብስ ሰፊ ስለነበር መርፌ ያውቃል። «ዘሃራ፣ ሰው ድምፅ ማጉያውን ያያል እንጂ ነገሩ ያለው መርፌው ላይ ነው። መርፌው ያላነሳውን ማጉያው ከየት ያመጣዋል? ከዶለዶመ ደግሞ ሸክላውን ይፍቀዋል» ይለኝ ነበር። መርፌውን በሁለት ጣት ይዞ ማውጣትና መመለስም ያስተማረኝ እሱ ነው።

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ታናሽ ወንድሙ ሁሴን፣ ቁመቴን የሚያክሉ ሁለት ማጉያዎች ይዞ ከሳዑዲ ተመለሰና አስፋልቱ ዳር ጭማቂ ቤት ከፈተ። «ለምርቃቱ ቀን ብቻ» ብሎ ማጫወቻችንን ከነሸክላዎቹ ወሰደ፤ ደንበኛው ስለወደደለት ግን ሳይመልሰው ቀረ። አባቴ «ወንድሜ ነው» እያለ መልስልኝ አላለውም።

በበጋው አባቴ ታሞ ተኛ። አንድ ቀን ከሰዓት «አምባሰሏን ብሰማት» ሲለኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። አጎቴ ጭማቂ እየቀዳ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሰው ሞልቶ እያየሽ? ጁምዓ አመጣለታለሁ፣ አብሽሪ» አለኝ።

ጁምዓ ሳይደርስ አባቴን ቀበርነው።

ሐዘንተኛው ሲበተን የአባቴን መሳቢያ ከፍቼ፣ ስላረጀ ያወጣውን የዶለዶመ መርፌ አገኘሁ። አጎቴ ለሶላት በወጣበት ጭማቂ ቤቱ ገብቼ ከማጫወቻው መርፌ ጋር ቀየርኩትና ደህናውን ሐይቁ ውስጥ ወረወርኩት። ሸክላዎቹ አንድ በአንድ ይፋቁ ጀመር። አጎቴ «ሽቦው ነው» ብሎ ሽቦ ቀየረ፤ «ማጉያው ነው» ብሎ የሚበልጡ ሁለት ማጉያዎች ገዛ፤ ማጉያው በተለቀ ቁጥር ግን የመፋቁ ድምፅ ባሰ። ደንበኞቹ ጆሯቸውን ይዘው ሲወጡ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሜ አይ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት፣ ጦርነቱ ሲቃረብ ከተማው ለቆ ወጣ፤ መኪና ጠፋ። አጎቴ በተከራያት ፒካፕ ዕቃውን ጭኖ ደጃችን ቆመ። እናቴ ታናሼን አዝላ መንገድ ላይ ቆማ ሲያያት፣ ሁለቱን ማጉያዎች ገፍቶ ጣላቸውና «ውጡ፣ ቶሎ በሉ!» አለን። እኔ በማጉያዎቹ ቦታ ተቀምጬ፣ ደሴን አልፈን እስክንወርድ ድረስ ጀርባውን እያየሁ፣ አንዲት የምስጋና ቃል አልወጣኝም።

ያኔ ትልቅ ስሆን ፊት ለፊቱ ቆሜ የሠራሁትን እነግረዋለሁ፣ ሲያመውም አየዋለሁ ብዬ ቀን እቆጥር ነበር። አሁን ትልቅ ሆኛለሁ፤ አልነገርኩትም። እሱ አርጅቷል፤ በየዒዱ መጥቶ እናቴን ሲጠይቅ ሻይ የምቀዳለት እኔ ነኝ። ሕይወታችንን እንዳተረፈ አውቃለሁ፣ ለዚያም አላህ ይስጠው እላለሁ፤ ይቅር ግን አላልኩትም።